ይቅር ብዬዋለሁ፣ ክሱን ግን አላነሳም

ሽማግሌ ሲመጣ ወግ አለው። እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። እኔ ቤት የመጡትም አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው፣ እያለከለኩ ሳሎኔ መሃል ተገተሩ።

«ተቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉኝ አቶ እንድርያስ፣ የእድራችን ሊቀመንበር።

«እንግዲያው ቁሙ።»

ልጄ እድላዊት ከጓዳ ሆና «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ምን ላድርግ? ጡረታ የወጣሁት ከቴሌ ነው። ኦፕሬተር ሆኜ ስልክ ሳገናኝ ስንቱ ሲሰድበኝ ምላሴን ይዤ ኖሬያለሁ፤ አሁን ብለቀው ማን ይፈርድብኛል?

የመጡት ሦስት ናቸው። አቶ እንድርያስን ነገርኳችሁ። ሁለተኛው የነፍስ አባቴ አባ ፍሰሐ፤ በጣም ያናደደኝም እሳቸውን ማምጣታቸው ነው። ሦስተኛው የከሰስኩት ክሊኒክ ባለቤት አጎት ነው፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የቀኝ ዓይኔን ሞራ ልገፈፍ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ግፈፋው ደህና ነበር አሉኝ። በነጋታው ግን ዓይኔ ውስጥ እሳት የገባ መሰለኝ። ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ዶክተር በሱፍቃድ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም ፋሻውን እንኳ ሳይፈታ፣ «እማማ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ነው፤ ትንሽ ይታገሡ» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። ባሰብኝና ደግሜ ሄድኩ፤ ያው «በእርስዎ ዕድሜ» ተባልኩ። በመጨረሻ እድላዊት ሌላ ሆስፒታል ስትወስደኝ ዓይኔ መግል ቋጥሮ አልቆለት ነበር። እዚያ ያዩኝ ሐኪም «ቶሎ ታይቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር» አሉን። ይኸው በአንድ ዓይን ቀረሁ።

ከሰስኳቸው፣ ክሊኒኩንም ዶክተሩንም። ልደታ ፍርድ ቤት ያቀረቡት መልስ ምን ይላል መሰላችሁ? «ችግሩ የደረሰው በከሳሽ ዕድሜ ምክንያት ነው፤ ተመላልሰው ስለመምጣታቸውም ማስረጃ የለም።» ወይ ነዶ! ካርዴ ላይ አልጻፉትማ፤ ከየት ይምጣ ማስረጃው? እንግዲህ መምጣቴን የምናውቀው እኔና ያ ዶክተር ብቻ ነን። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ።

«ሠርኬ» አሉ አቶ እንድርያስ፣ «ከሐኪም ጋር ተካሶ ማን በጀው? እኛ እንደሆን የቀረን ጥቂት ነው። በሰላም ብንሄድ አይሻልም?»

«እርስዎ ይሂዱ። እኔ ገና ነኝ።»

አባ ፍሰሐ በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሉኝ።

ይሄኔ ሆዴ ባባ። አባ ፍሰሐን እምቢ ብዬ አላውቅም። የልጆቼን አባት ስቀብር እጄን ይዘው የቆሙ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ማንን ነው ይቅር የምለው?» አልኳቸው።

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«ሽማግሌ የሚያስታርቀው ተበዳይን ከበዳይ ጋር ነው። እነሱ ለፍርድ ቤት የጻፉት በደል የለም ብለው ነው። በደል ከሌለ እናንተ አራት ፎቅ ምን ልትሠሩ ወጣችሁ? አለ ካላችሁ በዳዩን አምጡልኝ። ቆሞ በአፉ በድያለሁ ይበለኝ፤ እኔም በወጉ ይቅር እለዋለሁ።»

ባለ ከረባቱ ጣልቃ ገባ። «ዶክተሩ ጊዜ የለውም...»

«ያን ቀንም አልነበረውም።»

አቶ እንድርያስ ሰውዬውን አዩት። «እውነቷን ነው። በዳይ ያልቆመበት እርቅ፣ እርቅ አይባልም። ጥራው።»

ዶክተሩ ከሜክሲኮ አደባባይ እስኪመጣ ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው። አንጀቴን በሉት፤ ግን አልሸነፍም አልኩ። ለአባ ብቻ ወንበር አቀረብኩ፤ እሳቸውም ተደግፈውት ቆሙ።

በሱፍቃድ መጣ። በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «በተፈጠረው ነገር አዝናለሁ» አለ።

«ማን ፈጠረው?»

«እናቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕክምና አንዳንዴ ያጋጥማል...»

«ስማ፣ ጠበቃህ ያስጠናህን ለጠበቃህ ንገረው። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። መጥቼ ነበር ወይስ አልመጣሁም?»

«ዶክተር፣ እንዳትመልስ!» አለ ባለ ከረባቱ።

አባ ፍሰሐ ዞሩበት። «አንተ ሽማግሌ ነህ ጠበቃ? ሽማግሌ ከሆንክ አፍህን ያዝ!» ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኔም ደነገጥኩ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «መጥተው ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ። ወረፋው ብዙ ነበር። አዛውንቶች ሲያማርሩ... ለመድነው። ፋሻውን ፈትቼ አላየሁም። በድያለሁ። ባየው ኖሮ...» መጨረስ አቃተው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አነሳሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ? ዓመት ሙሉ የረገምኩት ልጅ ነው። እያለቀሰ ሳየው ግን የሰው ልጅ ሆነብኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት፣ ከአንጀቴ። አገላብጬ ሳምኩት። አባ ባረኩን። ሁሉም ተቀመጡና እድላዊት ውሃ አቀረበች።

አቶ እንድርያስ እፎይ ብለው፣ «እንግዲህ ማክሰኞ ክሱን ታነሺያለሽ» አሉ።

«የምን ክስ ማንሳት?»

«ይቅር ብለሽዋል እኮ!»

«ይቅር ብዬዋለሁ። ቂም የለኝም፣ ቤቴም ቤቱ ነው። ክሱን ግን አላነሳም።»

ጉድ ፈላ! ባለ ከረባቱ ብድግ አለ። አቶ እንድርያስ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጋር አጋጩት። «ሽማግሌ ታዋርጃለሽ? ነገ ስትሞቺ የሚቀብርሽ እድር መሆኑን ረሳሽው?»

ይቺ አመመችኝ።

«ስሞት ቅበሩኝ፤ መዋጮዬን አጉድዬ አላውቅም» አልኩ። «በቁሜ ግን አትቅበሩኝ! ይቅርታው የኔ ነው፣ ሰጠሁት። ያ ክሊኒክ ግን ነገም አንዷን አሮጊት በዕድሜሽ ነው ብሎ ይመልሳታል። ያጠፋነው እኛ ነን ብለው ዳኛ ፊት እስኪናገሩ አልተዋቸውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሞኝ በሉኝ!»

አባ ፍሰሐን ፈራ ተባ እያልኩ አየኋቸው። ይገዝቱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ውሃቸውን ጨርሰው ተነሡ። «የመጣነው ይቅር ልናስብል ነው፤ አስብለናል። ፍርድ ቤቱን ሸምግሉልኝ ያለን የለም» ብለው መስቀል አሳለሙኝ።

ማክሰኞ ችሎት ገባን። ጠበቃቸው ተነሥቶ «ከሳሽ በዕድሜያቸው ምክንያት፣ የማስታወስ ችሎታቸውም ቢሆን...» ብሎ ጀመረ። ዳኛዋ ተመልሼ ስለመምጣቴ ጠየቁት። «አልመጡም» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በሱፍቃድ ከጎኑ ተነሣ።

«ጠበቃ አለዎት፣ ይቀመጡ» አሉት ዳኛዋ።

«ክብርት ዳኛ፣ ጠበቃው ያኔ አልነበሩም» አለ። «የነበርኩት እኔ ነኝ። መጥተው ነበር። ሳላያቸው መለስኳቸው።»

ጠበቃው በኮቱ ጎተተው። የክሊኒኩ ባለቤት ከኋላ ሆኖ የማይሰማ ነገር አጉተመተመ። ችሎቱ ሙሉ ሰው በልጁ ላይ አፈጠጠ፣ እሱም ፊቱ አመድ መሰለ። አላስቻለኝም። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ተሻገርኩና ከጎኑ ቆምኩ።

«እናቴ» አሉኝ ዳኛዋ፣ «የከሳሽ ቦታ በዚያ በኩል ነው።»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አልኳቸው። «ክሱ እንዳለ ነው። ልጁ ግን ብቻውን ነው።»