ቅዱስ ሮኮና የዘመነች በር

ሙሉወርቅ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ምስማር አለ። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ቀለም ቀቢው "ልንቀለው?" ቢላት "እሱን እንዳትነካ!" ብላ ጮኸችበት። ዱሮ ምስማሩ ላይ የቅዱስ ሮኮ ስዕል ነበር። አባቷ ከንባታ ውስጥ በካቶሊክ ሚሲዮን ሃይማኖት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ፤ ስታገባ የሰጧት እሱን ነው። ስዕሉን አውርዳ ሽንት ቤት ጉድጓድ የጨመረችው ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት ዘመነች ናት።

ያኔ ባሏ ዱባለ በስኳር በሽታ እግሩ ቆስሎ ተኝቷል። ሙሉወርቅ አስኮ ፌርማታ አጠገብ ቆጮ ልትሸጥ በወጣችበት፣ ዘመነች ከጴንጤ ወገኖቿ ጋር ልትጸልይለት መጣች። ጸሎቱን ማን ጠላው? ማታ ሙሉወርቅ ስትገባ ግን ስዕሉ የለም። ዱባለ ብዙም አልቆየ፣ ሞተ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ዘመነች ተነስታ "ወንድሜን የበላው ያ ስዕል ነው! ጭኑን ገልቦ ከውሻ ጋር የቆመ ሰው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ በሽተኛ እንዴት ይድናል?" አለች።

ሙሉወርቅ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ግን ሰፈሩ "የውሻዋ" ይላት ጀመር። እሷም ማለች፤ ዘመነች በሰው ፊት የተናገረችውን በሰው ፊት ካልመለሰች ደጇን አልረግጥም አለች። ሁለቱም የሚኖሩት ሳንሱሲ፣ አንድ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። ያንን ደጅ ላለማየት ሙሉወርቅ ቆጮዋን ተሸክማ በዳገቱ ትዞራለች። ጉልበቷ አልቋል፤ ቢሆንም ትዞራለች። ስንት ክረምት በዚያ ጭቃ ዞረች።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሰርኬ ወሬ አመጣች።

"ሙሉ፣ ያቺ የባልሽ እህት ጾም ጸሎት ይዛለች አሉ። በሯን ከዘጋች ሰነበተች።"

"ትዝጋው።"

"በዚህ በስኳሯ?"

"ድኛለሁ ብላ የለም እንዴ?"

እውነቷን ነው። ዘመነችም እንደ ወንድሟ ስኳር አለባት። ፋሲካ ሰሞን የጸሎት ቤታቸው አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ማይክ ይዛ፣ ጌታ ፈውሶኛል ብላ መስክራለች። ሰው እልል ብሏል። ኪኒኗንም ትታዋለች። እንግዲህ እንዲህ የመሰከረች ሴት በሯን ስትዘጋ፣ ማንም "ታማ ይሆን?" አይልም። "ከጌታ ጋር ናት" ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። አክብሯት ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ማን ገብቶ ይያት?

ሰርኬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። "ትናንት በመስኮቷ ስር ሳልፍ ግን ሸተተኝ።"

"ምን?"

"እኔ እንጃ። የሚከረፋ ነገር።"

ሙሉወርቅ ያንን ሽታ ታውቀዋለች፤ የዱባለ እግር ነው። ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትጣላ ዋለች። እኔን ምን አገባኝ? ስዕሌን ስትጥል ማን መከራት? ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን እግሯ ዳገቱን እምቢ አለ። ድካም ይሁን ሌላ፣ እሷም አታውቀው። በቀጥታው መንገድ ሄደች፤ የዘመነችን የቆርቆሮ በር አንኳኳች።

"ማነው?" ድምፁ የሰለለ ነው።

"የውሻዋ ነኝ።"

ድምፁ "ጾም ላይ ነኝ፤ ሂጂ" አለ።

"ቆጮ ይዣለሁ።"

"አትሰሚም እንዴ? ደሞ ያንን ስዕልሽን ይዘሽ መጥተሽ እንዳይሆን።"

"ስዕሉንማ እርስዎ ጉድጓድ ከተቱት፣ እትዬ ዘመነች። ከየት አመጣዋለሁ?" ብትናደድም አንቺ ልትላት አልደፈረችም፤ ታላቋ ናት። እቃዋን አውርዳ ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። "እስኪከፍቱ አልነሳም። ያን ቀን ሰውዬው ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ወረወሩት። ዛሬ እነግርዎታለሁ።"

ነገረቻት፤ አባቷ እንደነገሯት፣ ሳታሳምር። ሮኮ የፈረንሳይ አገር የሀብታም ልጅ ነው። ሲወለድ ደረቱ ላይ ቀይ የመስቀል ምልክት ነበረው። እናት አባቱ ሲሞቱበት ያለውን ሁሉ ለድሃ በትኖ በእግሩ ወደ ሮም መንገድ ጀመረ። በየከተማው ወረርሽኝ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። ሌላው ሲሸሽ እሱ ገባ። ቁስላቸውን አጠበ፤ ሲያማትብባቸው ብዙዎቹ ዳኑ።

"በመጨረሻ እሱንም ያዘው፣ ጭኑ ላይ። እርስዎ ጭኑን ገለበ ያሉት ቁስሉን እያሳየ ነው።"

ከውስጥ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። "ሰው ሲፈውስ የኖረው ሰውዬ?"

"አዎ።"

"ለራሱ አቃተው?"

"አቃተው።"

"ሰውስ ምን አለው?"

"ሰው መች አየው! ሸክም አልሆንም ብሎ፣ ብቻውን ሊሞት ጫካ ገብቶ ተደበቀ። ያገኘው ውሻ ነው። ከጌታው ማዕድ ዳቦ እየነጠቀ በየቀኑ ይወስድለት ነበር፤ ቁስሉንም ይልስለታል። እንዲያ እያለ ዳነ። ማን ለውሻ ይሰግዳል? ውለታው ነው የተሳለው።" ነጠላዋን ጨመቀች። "በስብሻለሁ፣ እትዬ። ይክፈቱልኝ።"

እየተጎተተ የሚመጣ እግር ሰማች። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ተሰማ።

ዘመነች ግድግዳውን ተደግፋለች። ከስታለች። አንድ እግሯ በሻሽ ተጠቅልሏል፤ ሙሉወርቅ ፈታ ስታየው ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።

"ለሰው እንዳትናገሪ።"

"ለማን እናገራለሁ? የውሻዋን ማን ያወራታል? መጀመሪያ ይቅመሱ።"

ዘመነች ቆጮውን በሁለት እጇ ይዛ በላች። እንደዚያ ስትበላ አይታት አታውቅም።

"እዚህ ጤና ጣቢያ አትውሰጂኝ" አለች ስትጨርስ። "ሁሉም ያውቀኛል። የመሰከርኩትን ሰምተዋል።"

ሙሉወርቅ ያን ጊዜ ልቧ ክፉ አሰበ። ያንን እግር ይዛ በዚያ ኮብልስቶን ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቀስ ብላ ብታስኬዳት የድንኳኑ ነገር ይመለሳል። አፍም መክፈት አያስፈልግ። ስንት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ይኸው ደጃፍ ላይ መጣላት። ዘመነችም ገብቷት ይሁን፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ሙሉወርቅ ወጥታ ባጃጅ እስከ በሩ ድረስ አስገባች። ዘመነችን በራሷ ጋቢ እስከ አፍንጫዋ ሸፈነቻት። ማንም የማያውቃቸው ቤቴል ክሊኒክ ወሰደቻት።

መንገድ ላይ ዘመነች በጋቢው ውስጥ ሆና "ከዚያስ? አገሩ ሲመለስ ተቀበሉት?" አለች።

"ማን?"

"ያ ሰውዬሽ።"

"ሰላይ ነህ ብለው አሰሩት። ያሳሰረው የገዛ አጎቱ ነው፤ አላወቀውም። እስር ቤት ሞተ። ደረቱ ላይ ያለውን መስቀል ሲያዩ ነው ማንነቱ የታወቀው።"

"የገዛ ዘመዱ" አለች ዘመነች።

"የገዛ ዘመዱ።"

ባጃጁ ክሊኒኩ ደጃፍ ቆመ።

ሐኪሙ ተቆጣ። "ኪኒኑን ማን ያቁሙ አለዎት?" ቢላት "ማንም። እኔው ነኝ" አለች። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፣ እግሩ ተረፈ። ለጸሎት ቤቷ ፓስተር ለጌድዮን ራሷ ነገረችው። እሱም "እኛ መቼ መድኃኒት ተዪ አልንሽ?" ብሎ አለቀሰ። ሰርኬ ሙሉወርቅን "የት ጠፋሽ?" ብትላት "ቆጮ ላመጣ ሄጄ" አለቻት፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሙሉወርቅ አሁን ማታ ማታ፣ ከገበያ እንደተመለሰች፣ ቆጮ ይዛ ዘመነች ቤት ትገባለች። ቁስሉን ታጥባለች፤ ፋሻ ትቀይራለች። ወገቧን ያማታል፤ ታጉረመርማለች፤ አትቀርም። አንድ ማታ ዘመነች "ያ ስዕል..." ብላ ጀምራ አቆመች።

"እግርዎን ይዘርጉ" አለቻት ሙሉወርቅ።

ዘረጋች። ስትጨርስ ከትራሷ ስር ቁልፍ አወጣች። "ትርፍ ነው። ያዢው። መክፈት ያቃተኝ ቀን..."

በሰው ፊት የተባለው በሰው ፊት አልተመለሰም፤ ሙሉወርቅም አልረሳችውም። ቁልፉን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ በቀጥታው መንገድ ቤቷ ገባች። ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ሳፋ ሳበች፤ ውሃ አሙቃ እግሯን ነከረች።