ብርሃን የምትሰማ እስክሪብቶ

በዚያ እሁድ ጠዋት ሬዲዮ ሠሪው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለባለቤቱ እንዲህ ሲል አስታወቀ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ የበራ ነገር ሁሉ መብራቱ በመሣሪያ ይረጋገጣል።»

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌዋን ከጨርቁ ሳትነቅል፣ «እሰይ! እስከ ዛሬማ በግምት ነበር የኖርነው» አለችው።

መሣሪያዋ ቀለሟ ያለቀ እስክሪብቶ ናት። ሆዷ ውስጥ ጥፍር የምታክል ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጻፍበት ቺፕ፣ ጫፏ ላይ ደግሞ ቀይ ኤልኢዲ አለች፤ ያቺው በየሬዲዮውና በየቻርጀሩ ላይ የምትበራው ምስር የምታክል አምፖል። ኤልኢዲ ብርሃን መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልም ታውቅበታለች። ፖዘቲቭና ኔጌቲቯን ገልብጠው ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሞሏትና ይጠብቋታል። ብርሃን ካገኛት የተሰጣትን ወዲያው ታፈሳለች፤ ጨለማ ከሆነ እንደ ቋጣሪ ሰው ይዛ ትቆያለች። ባፈሰሰች ቁጥር ቺፑ «ጠቅ» ያሰኝና እንደገና ይሞላታል። ስለዚህ በብርሃን ጠቅጠቅጠቅ፣ በጨለማ ጠቅ ብላ ረጅም ዝምታ። ፕሮግራሙን የጻፈው ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ፣ የስኳሩን ዕቃ ማን እየከፈተ እንደሚቅም ለማወቅ ነበር። የተያዘው እሱ ራሱ ነው።

አሁን ዓይኑ ከድቶታል። ይህን ግን በዚያ ቤት አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። እሱ «መነጽሬ ቆሽሾ ነው» ይላል። እሷ «ለብርሃን ይመቸኛል» ብላ የስፌት መኪናዋን ከጠረጴዛው አጠገብ አዛውራ፣ እየሰፋች ብቻዋን ታወራለች።

«ውይ፣ ይቺ ከዳር ያለችው ቀይ ሽቦ ስታምር!»

«ስለ ሽቦ ውበት የምታወራ ልብስ ሰፊ አይቼም ሰምቼም አላውቅ» ይላታል፤ እጁ ግን ወደ ዳር ይሄዳል።

እንዲህ ተደባብቀው በሰላም ሲኖሩ፣ አንድ ቀን የሚበይድበትን ብረት በጋለው ጫፉ በኩል ጨበጠው። አውራ ጣቱ ተጠቅልሎ ለጠየቀው ሁሉ «ሙቀቱን ልለካ ብዬ ነው» አለ። ልጃቸው መምህርት ናት፤ የተማሪ ሰበብ ስትሰማ የምትውል ሰው ይህን አትውጥም። እናቷን ጓዳ ስባ አስገባቻት።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያያል አያይም?»

«ካንቺም ከኔም አብልጦ ያያል።»

«እሺ። እሁድ መጥቼ ራሴ አረጋግጣለሁ። የማያይ ከሆነ ብረቱን ይዤ ነው የምሄደው። እናንተን አመድ ውስጥ ልፈልግ እንዴ?»

እናትየው የጓዳውን በር መለስ አደረገች። ልጇ እውነቷን ነው። ነገር ግን ያ ብረት ከጠረጴዛው ላይ ከተነሳ ባሏ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲጠብቅ የሚውል ሰው እንደሚሆን ታውቃለች። 

ልጅቷ እንዳለችው በዚያው እሁድ ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮዋን ይዛ መጣች። አባቷን ጉንጩን ስማ፣ ሬዲዮዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሰካችው። ቀዩ መብራት በራ።

«አባዬ፣ በርቷል?»

እስክሪብቶዋን አስጠጋ። ጠቅጠቅጠቅ። «በርቷል። በሽታው ስፒከሩ ላይ ነው።»

«ይሄ የሚንጣጣው ደግሞ ምንድነው?»

«የማረጋገጫ መሣሪያ። ዓይን ያታልላል፣ ልጄ።»

«ያንተ ዓይን ያታልልሃል?»

«የሰው ልጅን ዓይን ነው እኔ የምልሽ! በጠቅላላው!»

«እንዲህ አድርጎ ሲቆጣ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቷ ወደ እናቷ።

«ተርቦ ነው» አለች እናትየው።

ይህን ሲባባሉ፣ እስካሁን መስኮቱ ደፍ ላይ የቆየችው ፀሐይ ወደ ጠረጴዛው ገብታ የሬዲዮዋን ፊት ሸፈነችው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ቀስ አድርጋ ነቀለች። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«አሁንስ፣ አባዬ?»

እስክሪብቶዋ ከቅድሙ ይበልጥ ተጣደፈች። የምትቆጥረው ፀሐይዋን ነበር። እሱ ግን ፈገግ አለ። «አሁንማ እንዴት አድርጎ! እንዲያውም ብሶበታል።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየው የጠፋውን መብራት አየች፤ ልጇ እጅ ላይ የተንጠለጠለውን ሶኬት አየች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ «በርቷል» አለች።

ተራው የልጅቷ ሆነ። የመጣችው ለዚህች ደቂቃ ነበር፤ ብረቱም እጇ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። አባቷ ግን የተኛ ሕፃን ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን ወደ እስክሪብቶዋ አዘንብሏል። የጣቱ ፋሻ በእናቷ የስፌት ክር ታስሯል።

«አዎ አባዬ» አለች፣ «በርቷል።»

ይህን ጊዜ ደመና መጣ።

ጠቅጠቁ ዘገየ። ጠቅ... አለች። ቆየት ብላ ጠቅ... አለች። ዕቃ የነካ፣ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ሬዲዮ ሠሪው መዳፉን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ቅድም ሞቆ የነበረው እንጨት እየበረደ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ፣ ከዚያ ወደ ልጁ፣ ማለትም ወደ ትንፋሻቸው።

«ሶኬቱ እጅሽ ላይ ነው?»

«አዎ።»

«እና ሁለታችሁም በርቷል አላችሁኝ።»

 እስክሪብቶዋን ወደ ጎን አስቀመጠ፤ የሬዲዮዋን ክዳን በዳበሳ ፈታ፤ ጣቶቹን ሽቦዎቹ መሃል ከተተና ሚስቱንና ልጁን ጠይቋቸው የማያውቀውን ጠየቀ።

«ቀዩ የቱ ነው?»

ሚስቱ ጣቱን ይዛ ሽቦው ላይ አሳረፈችለት። ልጅቷ ብረቱን አነሳች። ጥቂት ይዛው ቆየችና፣ እጀታውን ወደ አባቷ አዙራ አስጨበጠችው።