አባዬ ሲኒማ ቤት የጮኹ ዕለት

በከተማችን በቡኪቲንጊ፣ ገበያው ጀርባ የነበረው ሲኒማ ቤት ዛሬ የጫማ መደብር ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። አባዬ የሚናፍቁኝ መቃብራቸው ጋ ሳይሆን እዚያ ነው።

አባዬ በመንደራችን የሲላት፣ የአገራችን ባህላዊ ትግል፣ መምህር ነበሩ። የመንደሩ ወንድ ትግሉን የተማረው ከቤታችን ጀርባ፣ በሳቸው እጅ ነው። ሲላት ለሳቸው ከሃይማኖት አይተናነስም፤ ለተመልካች አይታይም፣ ለገንዘብ አይሸጥም። ወንድሜ አስሪል ግን ጃካርታ ሄዶ ፊልም ውስጥ ተደብዳቢ ሆነና አረፈው! አባዬ "መውደቅ ነው እንዴ ያስተማርኩት?" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ስሙን አልጠሩም። እሱም "ና ካላሉኝ ደጁን አልረግጥም" ብሎ ቀረ። ሁለቱም ግትር፣ መሃል ላይ የምነድደው እኔ።

አስሪል ያለበት ፊልም ሲወጣ ጉድ ተባለለት። ባህር ማዶ ሳይቀር ሰው ተጋፍቶ አየው። እኛ ከተማ ሲደርስ አባዬ "አልሄድም" አሉ። በእኛ በሚናንጎች ዘንድ ቤቱም ማዕዱም የሴት ነው፤ "እንግዲያው የሬንዳንግ ወጥ የሚያወጣልዎት የለም" አልኳቸው።

"ዩስኒማር፣ አባትሽን በረሃብ ልትገዢ?"

"ልግዛዎት እንጂ! ይነሱ!"

"ባልሽ እውነትም ታጋሽ ነው" አሉና ኮፍያቸውን አጠለቁ።

መጀመሪያ እጃቸውን አጣጥፈው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። አስሪል ራሱን ተላጭቶ፣ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ዋናውን ተዋናይ ሲገጥም ግን ጉልበታቸው ከሱ ጉልበት ጋር ይንቀሳቀስ ጀመር። ያ ተዋናይ ደረቱን ክፍት አድርጎ ሳለ አስሪል ሳይመታው ቀረ፤ ራሱ ተመታና በደረጃው ቁልቁል ተንከባለለ። አባዬ ብድግ!

"አንተ! ደረቱ ክፍት ነው እኮ! ግራ እግርህ የት ሄደ?"

"አባት፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ጋረዱን!" አለ ከኋላ አንዱ።

"ልጄ ነው የወደቀው!" አሉት ዞረው። "ልጄ ነው!"

አባዬ አስሪልን "ልጄ" ሲሉት ከሰማሁ ስንት ዓመቴ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እንደወጣን "ደውዪለት" አሉኝ። ደውዬ ሰጠኋቸው። የስልኩ ድምፅ ለእኔም ይሰማል።

"ግራ እግርህ ዘገየ" አሉት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አባዬ፣ ዘግይ ተብዬ ነው እኮ።"

"ማነው ያለህ?"

"ዳይሬክተሩ።"

"እንግዲያው እሱንም ይዘኸው ና። ሁለታችሁንም አስተምራለሁ።"

ከወዲያ በኩል ሳግ ተሰማ፤ ያን ሁሉ ዱላ ችሎ እህ ያላለው ወንድሜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አባዬ ስልኩን መለሱልኝና ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞሩ።

"ለቅሶውን ሲጨርስ" አሉ፣ "መቼ እንደሚመጣ ጠይቂልኝ።"