የንብረት ክፍሉ ጃኬት

አራተኛው ብሎን አልፈታ አለ። ጋሼ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው፣ መፍቻውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይታገሉታል። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ባለቤት፣ ከገዛ ወለላቸው ጋር ግብግብ ገጥመዋል። ትልቁ መላጊያ ማሽን ከተተከለበት ካልተነቀለ በስምንት ሰዓት የሚመጣው ገዢ ጭኖ አይሄድም። ማሽኑ ካልተሸጠ ገንዘቡ አይሞላም። ገንዘቡ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ ደግሞ አጋቾቹ ሾፌሩን በሕይወት እንደማይመልሱት ተናግረዋል።

አጠገባቸው ቆሞ ዘይት የሚያቀብለው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ በስሙ የጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም "ንብረት" ነው የሚለው። ሚስቱ ራሷ ስትቆጣው "ንብረት" ትለዋለች። ምስማር ሳይቀር ቆጥሮ የሚሰጥ፣ ቆጥሮ የሚቀበል፣ አባቱ ቢመጡ ያለ ፎርም አንዲት ብሎን የማያወጣ ሰው ነው። ፈሪም ነው፤ ይህንን ማንም ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል።

"ዘይት ጨምርበት" አሉ ጋሼ።

"ጨምሬያለሁ ጋሼ።"

"ደግመህ ጨምርበት።"

ጨመረ። ዛሬ ግን ከፍርሃቱም በላይ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ ለሾፌር ሲሉ ተንበረከኩ። ሾፌሩ ከተቀጠረ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። መኪና ሲነዳ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ስለሚረሳ ሠራተኛው ሁሉ "ፍሬኑ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ሲያወራ ይጮኻል፣ ሲስቅ ይጮኻል፣ ጋሼን ፊት ለፊት ያሾፍባቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ይስቁለታል። ምሳ አብረው ይበላሉ። "ልጄ" ይሉታል። ለንብረት ግን ያላቸው ቃል "እስቲ ያንን ደረሰኝ አምጣ" ነው፤ እሱም ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ደረሰኝ ሲያመጣ ኖረ።

የዛሬ ዓመት ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሦስት ቀን ሆስፒታል ሲተኛ ጋሼ አልመጡም። አንድ ኪሎ ብርቱካን ላኩለት፤ ያውም በሾፌሩ እጅ። ፍሬኑ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ወሬውን ሲሰልቅ ሁለቱን ልጦ በላቸው። ከሄደ በኋላ ንብረት የቀሩትን ቆጠራቸው። አምስት ነበሩ። ለእኔ አምስት ብርቱካን፣ አለ አሁን በሆዱ፤ ለእሱ መኪናቸው ተሸጠ፣ ለእሱ የሚስታቸው ወርቅ፣ ለእሱ ይኸው ማሽኑ።

ጭራሽ ጃኬቱንም ወስዶበታል። በዚህ ድርጅት የሥራ ጃኬት ላይ ስም አይጠለፍም። የጋሼ ቁጠባ ነው፤ "ስም ከጠለፍንበት ሰውዬው ሲለቅ ጃኬቱም አብሮት ይለቃል" ይላሉ። ደረቱ ላይ የሚጠለፈው የሥራ ክፍሉ ብቻ ነው። የንብረት ጃኬት "ንብረት ክፍል" ይላል፣ የሾፌሩ "ትራንስፖርት"። ትናንት ጠዋት ንብረት ወደ ሥራ ሲገባ የእሱ መስቀያ ባዶ ነበር፤ የፍሬኑ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ብቻውን ተንጠልጥሏል። በእርግጥ ልጁ ሁለት ወር ሙሉ አዲስ ጃኬት ስጠኝ እያለ ለምኖታል። ንብረት "ፎርም ሙላ" አለው፤ ሲሞላ "ፊርማ ይጎድለዋል" አለው፤ ሲያስፈርም "ቀኑ ተሳስቷል" አለው። አዲሱ ጃኬት እስከ ዛሬ በላስቲክ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

የታገተው ማክሰኞ፣ እንጨት ሊያመጣ ሲሄድ ነው። መሄድ የነበረባቸው ሁለቱ ነበሩ፤ ሾፌሩ ሊነዳ፣ ንብረት ቆጥሮ ሊረከብ። ንብረት ግን በዚያ መንገድ ሰው እየታገተ መሆኑን ሰምቷል። ገና ጎህ ሲቀድ "ሆዴን አሞኛል" ብሎ ለፍሬኑ ደወለና ስልኩን አጥፍቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ። ሆዱ ምንም አልሆነም ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሲመጣ ጋሼ በሩ ላይ አይተውት ደርቀው ቀሩ። ብዙ ቆይተው "ደህና ነህ?" አሉት። "ተሽሎኛል" አለ። "በል ግባ" ብለውት ፊታቸውን አዞሩ። ምነው በእሱ ምትክ አንተን በወሰዱልኝ ያሉ መሰለው።

ብሎኑ ድንገት ተፈታና ጋሼ ወደ ኋላቸው ቁጭ አሉ። ንብረት ሊያነሣቸው ሲጎነበስ ክንዱን ያዙት፤ ሳይነሡም አናገሩት።

"ጠዋት ደውለው ነበር። ባለቤቱ እንዳይመጣ ብለዋል።"

"ለምን?"

"'አንተን ከያዝንህማ ማን ይከፍለናል' አለኝ። ሰውዬው ይቀልዳል።" ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "አንድ ሠራተኛ ብቻውን፣ በእግሩ፣ እስከ ድሮው ጡብ ፋብሪካ ይዞ ይምጣ ነው ያሉት። ፖሊስ ካየን ሬሳ ትረከባላችሁ ብለዋል።"

ወሬው እንዳይወጣ ጋሼ ሌሎቹን በሙሉ እረፍት ሰጥተዋቸዋል። በግቢው ውስጥ ሠራተኛ የሚባል እሱ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"አውቃለሁ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ወንድ።"

"ሕመሙም ገና አልለቀቀኝም።"

"እሺ።"

"ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ..."

"እሺ አልኩህ እኮ።"

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደሚቀጥለው ብሎን ሄዱ።

ገዢው በሰዓቱ መጣ። እሱም የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ይህንን ማሽን ሰባት ዓመት ተመኝቶታል። ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ቢላዎቹን በአውራ ጣቱ ነካካ፣ ከዚያ ከተስማሙበት ዋጋ ላይ እንደገና ይቀነስልኝ አለ። ጋሼ በአንድ ጣውላ ዋጋ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ዛሬ "ይሁን" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ንብረት ከልማዱ የማሽኑን መውጫ ፎርም ሞልቶ አቀረበላቸው። በዘይት በተለወሰ ጣታቸው ፈረሙለት። ማሽኑ ሲጫን የቀረው ስድስት ቀዳዳና ከሥሩ ተረስቶ የኖረ የመጋዝ ብናኝ ነው። ለፍሬኑ ሲሉ፣ አለ ንብረት በሆዱ፤ ለዚያ ለጯሂ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ መጡ። ጥቁር ቦርሳ ይዘዋል፤ ሁልጊዜ ባለ ተረከዝ የሚጫሙት ሴት ዛሬ ሸራ ጫማ አድርገዋል። ጋሼ ጫማውን አዩት።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"እኔ ነኝ የምወስደው።"

"አብደሻል? ሠራተኛ ነው እኮ ያሉት።"

"ታዲያ እኔ ምንህ ነኝ? ሠላሳ ዓመት የሠራሁልህ ደሞዝ ሳይከፈለኝ ነው እንጂ!"

ጋሼ ሊስቁ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና ተወው። ቦርሳውን ተቀብለው፣ የማሽኑን ገንዘብ ሊጨምሩበት ወደ ቢሯቸው ገቡ። እትዬ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ማጥበቅ ያዙ። እጃቸው ላይ አንባር የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ንብረት ያንን ሲያይ ከትናንት ጀምሮ ያፈነው ነገር አመለጠው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አይቀየሙኝም?"

"ጠይቅ።"

"የታገትኩት እኔ ብሆን ኖሮ ጋሼ መኪናቸውን ይሸጡት ነበር?"

እትዬ ክሩን ለቀው ቀና አሉ።

"እስከ አሁን አልነገረህም?"

"ምኑን?"

"መኪናው የተሸጠው ለአንተ ነው እኮ።"

እትዬ ወደ ቢሮው በር አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደወሉልን። 'ንብረት ክፍልህ እኛ ጋ ነው' አሉት። ጃኬቱን አንብበው ነው ለካ። ንብረት የሚይዝ ሰው ነው ብለው ነው ገንዘቡን እንዲያ የቆለሉት። ያንተን ስልክ ብንሞክር ዝግ ነው። ከዚያማ ማን ይያዘው? አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ መኪናውን ደላላው በጠራው ዋጋ ጣለው። 'አሥራ ስድስት ዓመት ቁልፌን የያዘ ሰው፣ በእኔ ጦስ' እያለ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ሳይ አንባሬን ራሴ አውልቄ ሰጠሁት።"

"ከዚያስ?"

"አመሻሹ ላይ ድምፁን አሰሙን ብንል ፍሬኑ ሆኖ ተገኘ። እሱ ሾፌር ነው ብንላቸው 'ዋጋው ያው ነው' አሉ።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"እኔም ብዬው ነበር። 'ተዪው፣ እሱ ሆደ ባሻ ነው፣ በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ይታመምብኛል' አለኝ።"

መጀመሪያ የተሰማው፣ ይሉኝታ ቢስ ነውና፣ ደስታ ነበር። ለእኔ ነው፤ ያለቀሱት ለእኔ ነው። አምስቱ ብርቱካኖች ከሆዱ ውስጥ ወጥተው የት እንደገቡ አላወቀም። ደስታው ግን እፍኝ አይሞላም፤ ወዲያው ጃኬቱ ትዝ አለው። እንጨት ሻጩን "ደረቱ ላይ ንብረት ክፍል ከሚል ሰው በቀር ለማንም እንዳታስረክብ" ብሎ ያስጠነቀቀው ማን ነው? እሱ ነው። ልጁ የራሱ ጃኬት እንዳይኖረው ሁለት ወር በፎርም ያመላለሰውስ? እሱ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ልጁ የእሱን ጃኬት ለብሶ በእሱ ቦታ ተቀምጧል። ንብረት ግን ስንት ብርቱካን እንደበላበት ሲቆጥር ሰነበተ። አፈረ፤ ፊቱ እስኪቃጠል አፈረ።

የቢሮው ስልክ ጠራ። እትዬ ብድግ አሉ። ጋሼ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው ወደ በሩ ብቅ አሉ።

"አዎ፣ ሞልቷል... አዎ፣ አንድ ሰው ነው... ምን ለብሷል?" ሚስታቸውን አዩ፤ ሸራ ጫማቸውን አዩ።

ንብረት ወደ መስቀያው ሄደ። የሾፌሩን ጃኬት አወረደና ለበሰው። ሰፍቶታል፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፈናቸው። ጋሼ ፊት ቆመ።

"ትራንስፖርት የሚል ጃኬት ለብሷል ይበሏቸው።"

ጋሼ ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑት። "ልጆች አሉህ" አሉት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ይንገሯቸው።"

ጋሼ እያዩት ነገሯቸውና ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያልተፈታውን የጫማ ክር እንደገና ያስሩ ጀመር።

"ጋሼ፣ ማክሰኞ ለት እኔ አላመመኝም ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ ጋሼ። "ዚፑን ዝጋው። ያ ሜዳ ነፋስ አለው።"

"አይዘጋም። ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነው።"

ይህን ብሎ ከወገቡ ቁልፉን ፈታና ንብረት ክፍሉን ከፈተ። በላስቲክ የታሸገውን አዲስ ጃኬት ከመደርደሪያው አወረደ። እጁ ከልማዱ ወደ ፎርሙ ጥራዝ ሄዶ ነበር፤ መለሰው። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ፣ ጃኬቱን አጣጥፎ ጥቁሩ ቦርሳ ውስጥ ከገንዘቡ በላይ አስቀመጠው።

"ያለ ፎርም?" አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ተሰበረ።

"ሲመጣ ራሱ ይሞላዋል" አለ ንብረት፤ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።