የአለቃ የኋላ እግሮች

«ደግፊው እንጂ፣ ሊያመልጥሽ ነው» አሉ አማቷ የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፈው።

«የት ያመልጣል እማማ? በየትኛው እግሩ?»

ውሻውን በግራ ክንዷ አቅፋ በቀኝ መዳፏ ከሆዱ በታች ትዳስሳለች። ፊኛው ሲሞላ እንደበሰለ ሎሚ እጅ ሥር ይመጣል። ስታገኘው ቀስ ብላ ጫን አለች። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ሽንቱ በቀጭኑ ወርዶ የወለሉን ውሃ መውረጃ መታ። አለቃ ነገሩ የጎረቤት ጉዳይ ይመስል ግድግዳውን ይመለከታል።

«ዛሬስ ደህና ቀለም አለው» አሉ አማቷ አንገታቸውን አስግገው። «የትናንቱ የቆየ ሻይ ነበር የሚመስለው።»

«ደህና ነው።»

«አንቺ ዘንድ ምን ደህና ያልሆነ ነገር አለ? ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ‹ደህና ነው፣ ሞቀን› ነው የምትዪው።» ወደ ውሻው ሲዞሩ ግን ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ጨረሱ አለቃ? ወይስ ቧንቧ እንክፈትልዎት?»

አለቃን «እርስዎ» ማለት የጀመሩት ለፌዝ ነበር። ስሙን ያወጣለት ልጃቸው ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ወንበር ላይ ወጥቶ ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ስለሚያይ። እሳቸው ደግሞ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን አጥብቀው የሚጠሉ ሴት ስለነበሩ፣ «አለቃ መጡ፣ ተነሡና ወንበር ልቀቁ» እያሉ ያሽሟጥጡ ነበር። ፌዙ ሲደጋገም ልማድ ሆነ። ልማዱ አሁን ምን እንደሆነ ራሳቸውም ቢጠየቁ አይናገሩትም።

አደራረቀችውና ሌላ ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፋ፣ ሁለቱን ጫፎች እንደ ዘንቢል ማንጠልጠያ ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደችው። የፊት እግሮቹ ይራመዳሉ፤ የኋላዎቹ ተንጠልጥለው ይከተላሉ። ሳሎኑ ጥግ ላይ አማቷ ከአሮጌ ቁም ሣጥን በሮች የሠሩለት አጥር አለ። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዳይዘል፣ እንዳይሮጥ ብሎ አዝዞ ነበር። እንዳይሮጥ መባሉ አሁን ሲያስቡት ያስቃል፤ የሚስቅ ግን አልነበረም።

ባሏ ልብሱን በሁለት ሻንጣ ይዞ ከቤት ከወጣ ወዲህ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ጠብቆ ነበር። ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት መጥተው፣ የሚያጽናኑት ሲያጡ ስለ ኑሮ ውድነት አውርተው ሄዱ። አማቷም ልጃቸው «እንሂድ» ቢላቸው «ሦስተኛ ሻንጣ መሰልኩህ?» ብለውት እዚያው ቀሩ። እሷ እንደ ወትሮዋ በየማለዳው ላውንደሪ ትገባለች፣ የሰው ሸሚዝና ሱሪ ስትተኩስ ትውላለች፣ ትመለሳለች። የካውያ ሥራ የጣቶቿን ጫፍ ስላደነደነው የጋለ ነገር ብትይዝም አይሰማትም። ሌላውም ገላዋ እንደዚያ እየሆነ የሄደ ይመስላታል። አያስጨንቃትም።

ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ የባሏን መኪና የሚመስል የሞተር ድምፅ ተሰማ። መስኮቱ ደፍ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቅ የነበረው አለቃ እየጮኸ ዘለለ። ወለሉ ላይ ሲያርፍ ጩኸቱ ሌላ ሆነ። መኪናው የሌላ ሰው ነበር።

ወገበ ረጅም፣ እግረ አጭር ዘር ስለሆነ አከርካሪው በቀላሉ ይጎዳል አሏት ሐኪም ቤት። ወገቡን ከፍተው ነርቩ ላይ የተጫነውን አነሡ። «ከእንግዲህ ያለው የእኛ ሥራ አይደለም፤ የጊዜ ነው» አላት ሐኪሙ። ጊዜም አለፈ።

ትናንት ለምርመራ ስትወስደው ሐኪሙ የኋላ እግሩን ጣት በብረት መቆንጠጫ ጨበጠው። እግሩ ሽምቅቅ ብሎ ወደ ሆዱ ገባ።

«ሳበው» አለች።

«እግሩን አትዪ። ፊቱን እዪ።»

አለቃ ምላሱን አውጥቶ የክፍሉን በር እያየ ያለከልካል።

«እግሩ በራሱ ነው የሚሰበሰበው» አለ ሐኪሙ። «ወሬው ከእግሩ ተነሥቶ አከርካሪው ጋ ሲደርስ ከዚያው ይመለሳል። ጭንቅላቱ ጋ አይደርስም። ቢሰማው ኖሮ ዞሮ ያየኝ ነበር። እንዲያውም ይነክሰኝ ነበር።» መቆንጠጫውን አስቀመጠ። «እንዲነክሰኝ ነበር የምፈልገው።»

ከዚያ ሁለቱን መንገዶች ነገራት። ወይ ሽንቱን ዕድሜውን ሙሉ እየጨመቁለት፣ ከኋላው ጎማ ያለው ጋሪ እየታሰረለት ይኖራል፤ ወይ በመርፌ ያሳርፉታል። «በሁለቱም አይፈረድባችሁም። ቤተሰቡ ይምከርበት» አላት።

ቤተሰቡ ሲባል ማንን ማለት እንደሆነ ትንሽ አሰበች። ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ለባሏ ደወለችና ሐኪሙ ያለውን ባጭሩ ነገረችው፤ የእግሩንና የፊቱን ነገር ሳትዘረዝር፣ አልዳነም ብቻ ብላ።

«ነገ በምሳ ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ ባሏ። «አንቺ መምጣት የለብሽም። ይኼን አታዪም።»

«እሺ» አለች።

ለአማቷ የነገረቻቸው «ነገ ልጅዎ ይመጣል» ብላ ብቻ ነው። የቀረውን ለመናገር አፏን የከፈተችበት ጊዜ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀድመው የሳሎኑን መጋረጃ አውርደው ውሃ ውስጥ ነክረውት ነበር። ዛሬም ከሥራ አስፈቅዳ ስትቀር ለዕርቁ ቀን የቀረች መስሏቸው ደስ አላቸው። ጠረጴዛው ላይ ለሦስት ሰው ሳህን ደርድረዋል።

በሩ ተንኳኳ። የገዛ ቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው አመታቱ ያስታውቃል።

«ማነው? እንግዳ ነው?» አሉ አማቷ ማን እንደሆነ እያወቁ። ከፍተውለትም፣ «ቁልፍህን ውሻ በላው?»

«እንዴት ነሽ እማዬ?» ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። ለሚስቱ በራሱ ምልክት ሰላምታ ሰጣት። እሷ ሱሪውን አየች። ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት መስመር ወጥቶበታል፤ የተኮሰው ሰው የመጀመሪያውን እጥፋት ሳያጠፋ ሌላ እጥፋት የደረበበት ነው። ይኼን ያየችው ማንም ደንበኛ ወደ ላውንደሪው ሲገባ እንደምታየው ነበር። ክንዱ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዟል።

አለቃ ድምፁን ሰማ። የፊት ግማሹ አበደ። ጆሮው፣ ምላሱ፣ የፊት እግሮቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መንገድ ጀመሩ። የኋላ ግማሹ ግን ሌላ ሰው እንደጣለው ዕቃ ተጎተተ። ጭራው ንቅንቅ አላለም።

ባሏ አጥሩን ተሻግሮ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ውሻው እጁን፣ የእጅጌውን ቁልፍ፣ አገጩን ላሰው።

«እንዲህ መሆኑን አልነገርሽኝም።»

«ነግሬሃለሁ።»

«ስትነግሪኝ እኮ... አንቺ ስትናገሪ ሁሉም ነገር አንድ ነው።»

«ምሳው ይቀዘቅዛል» አሉ አማቷ። «ደግሞ ይኼ ብርድ ልብስ ምንድን ነው? በዚህ ሙቀት?»

ባሏ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። «አልነገርሻትም?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እማዬ፣ አለቃን ልወስደው ነው የመጣሁት። ሐኪም ቤት። እንዲያሳርፉት።»

«ከምን ነው የሚያርፈው? ከሥራ?» አሉ። ነገሩ ሲገባቸው የያዙትን ጭልፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ ታውቂያለሽ? አውቀሽ ነው መጋረጃ ሳጥብ ዝም ብለሽ ያየሽኝ?»

«ሐኪሙ ስሜት የለውም ስላለ ነው እማማ።»

«ማን ነው ስሜት የሌለው?» ይኼን ሲሉ ዓይናቸው እሷ ላይ ቆየ። ከዚያ እየተንጎዳጎዱ ወደ ጓዳ ገቡና ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የነቀሉትን አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይዘው ተመለሱ። «እኔ ያላየሁት መሰላችሁ? እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ነኝ ከዚህ ሰውዬ ጋር የምውለው። እየው። አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መቆንጠጫውን የኋላ እግሩ ጣት ላይ ለቀቁት። እግሩ ሽምቅቅ ብሎ ተሰበሰበ።

ባሏ ወደ እግሩ ጎንበስ አለ። «ድገሚው።»

ደገሙት። እግሩ እንደገና ተሰበሰበ።

«ተሰማው» አለ። «እማዬ፣ ተሰማው እኮ።» ውሻውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ፊቱን ጸጉሩ ውስጥ ቀበረ። «እኔ ደግሞ ልገድለው ነበር። ወዲያ ማዶ ሆኜ፣ ሳላየው።» ሲረጋጋ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ካያት ሰንብቷል። «ብቻሽን አድርጌሽ ነው። ማታ ማታ እየመጣሁ አግዛለሁ። ማደርም ካስፈለገ... ሶፋው ላይ አድራለሁ። እስኪቆም ድረስ።»

አማቷ ጭልፋውን አንሥተው ሾርባውን ማውጣት ጀመሩ። ሲያወጡ ግን በዓይናቸው ጥግ ምራታቸውን ይመለከቷታል፤ በቃ ዝም በይ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪው የሚል አስተያየት ነበር።

ዝም ማለት ለእሷ ሥራ አይደለም፤ ስትኖርበት የከረመችው ነገር ነው። አለቃን አየች። የባሏን ደረት እየላሰ ነው። ሁለቱም ጊዜ ፊቱን አላዞረም። ይኼን የሚያውቅ በዚህ ቤት ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ዝም ብትል ዛሬ ማታ በሩ ይንኳኳል፤ ነገም። ከነገ ወዲያ ቁልፉ ይገኛል። የምትፈልገው ይኼን እንደሆነ ሰው ሁሉ ነግሯታል፤ እሷም አምናቸው ነበር። የውሻውን ፊኛ በምትፈልግበት አኳኋን ውስጧን ቀስ ብላ ዳሰሰች። እጅ ሥር የመጣ ነገር የለም። ደስታም፣ ቂምም። ብቻ አንድ ነገር ታያት፤ አለቃ በየቀኑ ጣቱ እየተቆነጠጠ፣ እግሩ በተሰበሰበ ቁጥር እነዚህ ሁለት ሰዎች ደስ ሲላቸው።

«አልተሰማውም» አለች።

«እንዴት? አሁን ዓይናችን እያየ?»

«እግሩን አትይ። መቆንጠጫውን አንተ ያዘውና ፊቱን እየው።»

«አንቺ ልጅ» አሉ አማቷ።

«ይየው እማማ።»

ባሏ መቆንጠጫውን ወሰደ። የአለቃ የኋላ እግር ጣት ላይ ለቀቀው። እግሩ ሽምቅቅ አለ፤ አለቃ ግን የባሏን አውራ ጣት መላሱን አላቋረጠም። አንዴ እንኳ ወደ ኋላ ዞሮ፣ እዚያ ምን እየተደረገ ነው ብሎ አላየም።

አማቷ ከወንበሮቹ አንዱን ስበው ተቀመጡ። ባሏ መቆንጠጫውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አንድ ነገር እንዳይሰብር የፈራ ይመስል በጣም ቀስ ብሎ።

«እሺ» አለ። ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገ። «በቃ ልውሰደው።»

«አይ።»

«አሁን አንቺው አልተሰማውም አላልሽም?»

«አልተሰማውም። ግን እዚህ ይቆያል።»

«እስከ መቼ?»

«እስካለ ድረስ።»

«ለምንድን ነው? ስትደውዪልኝ እሺ ብለሽ ነበር እኮ።»

ምክንያት ፈለገች። ጥሩ ምክንያት የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ እሷ እንደነሱ አይደለችም። «ሲበላ ደስ ይለዋል» አለች በመጨረሻ። «አንተ ስትመጣም ደስ ብሎታል። ያ ጭንቅላቱ ጋ ደርሷል።»

ባሏ ሊስቅ ቃጣው፤ አልሆነለትም። «እንግዲያው ማታ ማታ እየመጣሁ...»

«አያስፈልግም። ልታየው ስትፈልግ ደውለህ ና።»

እናቱን አየ። እናቱ ሾርባውን ያያሉ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ሱሪው ላይ አሁን ሦስተኛ መስመር ወጥቷል። «ምሳ ብላ እንጂ» አሉት፤ «በልቻለሁ» አለ፤ ሁለቱም እንዳልበላ ያውቃሉ። ብርድ ልብሱን አንሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ አማቷ ጠሩት።

«እሱን ተውልን። ሰውዬው ወለል ላይ ነው የሚተኛው።»

ሰጣቸውና ወጣ። የመኪናው ሞተር ሲነሣ አለቃ ጮኸ፤ የፊት እግሮቹን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ ጮኸ። ከዚያ ደከመውና ተኛ።

ሁለቱ ሴቶች በሉ። ሦስተኛውን ሳህን ያነሣው የለም።

«አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?» አሉ አማቷ ዳቦ እየቆረሱ። «ዛሬ ማታ እዚህ ይቀመጥ ነበር። እዚያ።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«አውቃለሁ ትላለች ደግሞ። የማያውቅ ሰው ይሻላል።» አኝከው ዋጡ። «እንዲያው ግን፣ መቆንጠጫው እውነት አላመመውም?»

«አላመመውም።»

«እኔ እንኳ በየቀኑ ይቅርታ ስጠይቀው ነው የከረምኩት።» ዓይናቸው እርጥብ ሆነ፤ ለየትኛው ነገር እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም።

ሳህኖቹን አንሥታ አጠበች። ስትጨርስ እጇን አድርቃ ለሐኪሙ ደወለች። ስለ ጋሪው ጠየቀችው። ጋሪውን ቀጥቃጭ በልክ ነው የሚሠራው፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ ርዝመቱን፣ ከዚያ የዳሌውን ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ አላት። አማቷ ከልብስ ስፌት ዕቃቸው መካከል ሜትር አወጡ። ያለቃን ትከሻ ላይ አንዱን ጫፍ ይዘው፣ «አይንቀሳቀሱ፣ ልብስ ሊሰፋልዎት ነው» አሉት።

ርዝመቱን ለካች። ቀጥላ ሜትሩን በዳሌው ላይ አሳለፈች። ጸጉሩ የተላጨበት ቦታ ላይ የስፌቱ ጠባሳ ገና ቀይ ነው።

«ጋሪውን እንዳታጠብቢው» አሉ አማቷ። «ከእንግዲህ ሥራው መብላት ብቻ ነው። ይወፍራል።»

«አይወፍርም እማማ፣ ሐኪሙ ምግቡን ቀንሱ ብሏል።»

«ሐኪሙ ብሏል። እኔ ነኝ የማበላው።»

ስልኳን አንሥታ የለካችውን ጻፈች። ልትልክ ጣቷን ካዘጋጀች በኋላ ቆመች። የዳሌውን ቁጥር አጠፋችና፣ ሁለት ጣት ጨምራ ጻፈች።