ግብ ቁጥር ሦስት

ስህተቱ የእኔ ነው። ግብ ቁጥር ሦስትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

መስከረም ላይ የኮሌጃችን ዲን አቶ ባንተአምላክ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ግቦቹን ጽፎ እንዲያመጣ አዘዙ። ወገዳ ከተማ ባለችው በዚህች ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የቋንቋና የሥነ ሰብእ ትምህርት ክፍል ማለት እኔ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ግዕዝ የሚያስተምሩት መሪጌታ ተክለ ሃይማኖትና አንድ ቁም ሳጥን ነን። ሌሎቹ ክፍሎች ያለፈውን ዓመት ገልብጠው አስረከቡ። እኔ መገልበጥ አልወድም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሦስት ግቦች ጻፍኩ። ሦስተኛው፣ «ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ቃላዊ ግጥም ከተናጋሪው ስም፣ ከቀበሌውና ከቀኑ ጋር መዝግበው ያስቀምጣሉ» ይላል።

መሪጌታ አነበቡትና «ስሙ ለምን አስፈለገ?» አሉኝ። እሳቸው ቅኔ ቤት ሲማሩ የዛሬ ቅኔ ዛሬ ተዘርፎ ያልቅ ነበር፤ ለነገው ሌላ ቅኔ አለ፤ ማን ይጽፈዋል?

«መሪጌታ፣ ምንጩ ያልታወቀ መረጃ መረጃ አይባልም» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ወጡ። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ተማሪዎቼ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሠርግ በጠፋበት፣ ለቅሶ በበዛበት ዓመት የሚሰበሰበው ግጥም ምን ሊሆን ይችላል? ሙሾ ሰበሰቡ። አስቀድሜ ላስበው ይገባኝ ነበር። እዚህ አገር ሙሾ አውራጇ ዝም ብላ አታለቅስም። ሟቹን በስሙ ትጠራለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ፣ ማን እንደገደለው ትናገራለች። ለቀስተኛው ሰምቶ ይበተናል፤ ቃሉም አብሮ ይበተናል። ልጆቹ ግን እንዳዘዝኳቸው ጻፉት። ከላይ የሴትዮዋ ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፤ ከታች ግጥሙ። ሠላሳ አንድ ቅጽ ስመለከት ደስ ብሎኝ ነበር።

አቶ ባንተአምላክ ደግሞ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሲጽፉ «ግብ ሦስት፦ መቶ በመቶ ተከናውኗል» ብለው ለበላይ አካል ላኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ማክዳ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይመጣል» አሉ።

«ማን?»

«ሰው ነዋ! ከየት ነህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ሪፖርቱን አይቶታል። ቅጾቹን ይፈልጋል።»

«ምን ያደርጉለታል?»

«አንቺ ደግሞ! ግጥም ወዶ ይመስልሻል?»

«እርስዎም ይሰጡታል?»

የቢሯቸውን ቁልፍ አንዴ ከኪሳቸው ያወጡታል፣ አንዴ ይመልሱታል። «አምስት ልጆች አሉኝ» አሉ። «ስምንት ሰዓት ላይ ይዘሽ ነይ።»

ስወጣ የኔነሽ በረንዳው ላይ ቆማለች። ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባለች።

«ቲቸር፣ ወረቀቴን ይመልሱልኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«መኪናው ከትናንት ጀምሮ ይዞራል፤ ሙሾ የሚያወርዱትን ሴቶች ይጠይቃል አሉ። እናቴ እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው። የጎረቤታችን ልጅ የተለቀሰ ዕለት የገዳዩን ስም ጠርታለች። እኔ ደግሞ ‹ላቀች› ብዬ ስሟን ከላይ ጻፍኩት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስም ከሌለው ማርክ የለውም ብለውን ነው እኮ።»

ብያለሁ። ከአሥሩ ማርክ አራቱ የስሙ ነበር።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ። ለማንም ምንም አታውሪ» አልኳት።

ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ፋይሉን አወጣሁና ከክፍሎቹ ጀርባ ወዳለው የሴቶች መጸዳጃ ወሰድኩት። እሳት ጭስ አለው። በሩን ቀርቅሬ እያንዳንዱን ቅጽ ከስሙ ላይ እየቀደድኩ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩ። እየቆጠርኩ ነበር የምጥለው። ሠላሳ ላይ አለቀ።

ደግሜ አሰብኩ። የሁሉንም ስም አይቻለሁ፤ «ላቀች» የሚል አላየሁም። የጎደለው የየኔነሽ ነው።

ቁም ሳጥኑን ባዶ እስኪቀር አወጣሁት። መሳቢያዬን፣ ቦርሳዬን፣ የፈተና ወረቀቶቹን መሀል፣ ቤቴን ሳይቀር ፈተሽኩ። የለም። የመኪና ድምፅ ስሰማ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር።

ባዶ እጄን ገባሁ። ሰውየው ከዲኑ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በወረቀት ይጠርጋል። ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም። አቶ ባንተአምላክ ወንበራቸውን ትተው ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል። ከነገሩ ራሳቸውን ማራቃቸው ነው ብዬ ናቅኳቸው።

«እህቴ፣ ግቢ፣ ግቢ» አለኝ ሰውየው። «አትፍሪ። ቅጾቹን ይዘሽ መጣሽ?»

«ቅጽ የለም» አልኩ።

«እንዴት የለም?»

«አልተሰበሰበም። ተማሪዎቹ አልሠሩትም።»

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ዲኑ ዞረ። «ጋሼ፣ ለምን አይቀመጡም?»

«ወገቤ ነው። ስቀመጥ ይብስብኛል።»

«ግቡ ግን ተለጥፏል አሉ። የት ነው? እስቲ ልየው።» ተነሣና ወደ ግድግዳው አንድ እርምጃ ሄደ።

«ልበልልዎት» አሉ አቶ ባንተአምላክ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ። «ግብ አንድ፦ ተማሪዎች ሐሳባቸውን በጽሑፍ አጥርተው ይገልጻሉ። ግብ ሁለት፦ ያነበቡትን ይመረምራሉ፣ ይጠይቃሉ።» ሰውየው በክንዳቸው ርቀት ላይ ቆሞ ይሰማቸዋል። እሳቸው እንደ ቆሎ ተማሪ ሽቅብ ጣሪያውን እያዩ በቃላቸው ይወጡታል። ግቦቹን አንብበዋቸዋል ብዬ እንኳን አስቤ አላውቅም ነበር። «ግብ ሦስት…» ሲሉ ትንፋሽ ለመሳብ ትከሻቸው ከፍ አለ፤ ያኔ ከብብታቸው ሥር የፕላስቲክ ጥግና ሰማያዊ ጽሕፈት አየሁ።

የየኔነሽ እጅ ጽሑፍ ነው። ባለፈው ወር የጥራት ገምጋሚዎች ሲመጡ አቶ ባንተአምላክ ለናሙና የሚለጠፍ ምርጥ ሥራ አምጪ ብለውኝ ራሴ ነበርኩ መርጬ የሰጠኋቸው። በፕላስቲክ ከተው ከግቦቹ ሥር ለጥፈውት ኖሯል። የላቀች ስም አሁን የተሸፈነው በአንድ ሽማግሌ ሸሚዝ ብቻ ነው።

እዚያ እንዳላይ ዓይኔን የሰውየው ጫማ ላይ ተከልኩ።

«…መዝግበው ያስቀምጣሉ» ብለው ጨረሱ።

«መቶ በመቶ ተከናውኗል ተብሎ ተጽፏላ» አለ ሰውየው።

«ሪፖርት ነዋ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «እርስዎስ ጋ መቶ በመቶ ያልተከናወነ ነገር ሪፖርት ተደርጎ ያውቃል?»

መሳቅ አልፈለገም፤ ግን ሳቀ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ጋሼ፣ እውነቷን ነው?»

አዎ ካሉ በሐሰተኛ ሪፖርት ከሥራ ይሰናበታሉ፤ ምናልባትም በዚያ አያበቃም። አይ ካሉ ከግድግዳው ዘወር ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ላባቸው ከጆሯቸው ሥር ሲወርድ አያለሁ። መስኮቱ ላይ አንዲት ዝንብ ጥዝ ትላለች።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። አንድም ቅጽ አልተሰበሰበም።»

«ይጻፉልኛ እንግዲህ።»

ጠረጴዛው ከግድግዳው ሦስት እርምጃ ይርቃል።

«ማክዳ፣ ጻፊው» አሉ። «የአንቺ ጽሕፈት ይነበባል።»

ጻፍኩ። ሁለት መስመር ነው። ወረቀቱን ከመዝገብ ጋር ወሰድኩላቸው፤ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ወትሮው አልሆነም። ሰውየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሁለታችንንም በየተራ አየን፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ።

አቶ ባንተአምላክ ከግድግዳው ሲለቁ ፕላስቲኩ ሸሚዛቸው ላይ ተጣብቆ አብሮ ተላቀቀ። ረጥቦ ነበር። በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡኝ።

«ሌሎቹ የት ናቸው?» አሉ በሹክሹክታ።

«መጸዳጃ ቤት።»

«ጥሩ።»

ሁለታችንም የመኪናውን ሞተር ድምፅ እየጠበቅን ነበር። አልተነሣም። ይልቅ የጠጠሩ መንገድ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ወደ እኛ ይመለሳል፤ አይቸኩልም። ቅጹን ቀሚሴ ሥር ልከተው ብሞክር ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

አቶ ባንተአምላክ ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ለበሱ። ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ከውስጥ ቆልፊው» አሉኝ፤ ሰውየውን ውጭ ሊገናኙት ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።