ንጹህ የኑግ ዘይት

1

የመጀመሪያውን ገጽ ቀይረውታል። ፊርማዬን ግን አልነኩትም።

2

በደንብ ልጀምር። ስንዱ እባላለሁ፤ የምግብ ዘይት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ኬሚስት ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ አለቃዬ ዶክተር ልሳነወርቅ ናቸው። አባቴ የሞተ ዕለት ከሰፈሩ ወንዶች ጋር የድንኳኑን ገመድ ሲወጥሩ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድትወዷቸው ነው። እኔም እወዳቸው ነበር።

3

የናሙና ቅጽ
ስያሜ፦ ንጹህ የኑግ ዘይት
የሚመረመረው፦ ቫይታሚን ኢ እና ዘመዶቹ
ምክንያት፦ የተማሪዎች ምገባ ጨረታ

4

ዘይት ሁሉ የራሱ የቫይታሚን ኢ አሻራ አለው። ኑግ ላይ ጎልቶ የሚታየው አልፋ ቶኮፌሮል ነው። ቶኮትሪኖል የሚባሉት ዘመዶቹ ግን ኑግ ውስጥ አይጠበቁም፤ የሚበዙት ፓልም ላይ ነው።

መሣሪያው ቶኮትሪኖል አወጣ። ደገምኩት። ሌላ ጠርሙስ ከፍቼ ሠለስኩት።

ፓልም።

5

«ከፓልም ጋር የተቀላቀለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። በሳምንቱ ፋይሉን ስከፍት «ንጹህ ኑግ» ይላል። ፊርማዬ ያለበት ሁለተኛው ገጽ እንዳለ ነው።

6

ቢሮአቸው ውስጥ የተባባልነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

እኔ፦ ዶክተር፣ ገጹን ማን ቀየረው?
እሳቸው፦ ቁጭ በይ ልጄ።
እኔ፦ እርስዎ ነዎት?
እሳቸው፦ ፓልም መርዝ አይደለም። ማንም አይሞትም።
እኔ፦ እርስዎ ነዎት ወይ?
እሳቸው፦ ፋብሪካው የእህቴ ነው። ይህ ጨረታ ካመለጣት ትዘጋዋለች።
እኔ፦ ታዲያ ለምን በራስዎ ስም አልፈረሙም?
እሳቸው፦ አንቺን ማንም አይጠረጥርም።

7

ይህን ክፍል አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። በአንዱ ላይ ጮኼባቸዋለሁ። በሌላው ላይ አልቅሻለሁ፤ እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀውኛል። እውነቱ ግን ይኸው ነው፦ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ የጨረታ ኮሚቴው ጋ ደውዬ ገጹ መቀየሩን ነገርኳቸው፤ ማን እንደቀየረው ግን አልተናገርኩም።

8

ዛሬ ኮሚቴው እኔንም ዶክተርንም ጠራን። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዶክተር ውሃ ቀዱልኝ።

ሰብሳቢዋ ሪፖርቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ይህ ውጤት የእርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ዞር ብዬ ዶክተርን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

እኔ፦ የመጀመሪያውን ገጽ እሳቸው ቀይረውታል፤ ፊርማዬን ግን አልነኩትም።